ደም ያልታየበት ጣቢያ

በሰባት ቦይ መንደር ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ቁጥሩ የተጻፈበትን ኩባያ ይዞ ይሰለፋል። ኩባያው መስኮት ሳይገባ ቁርስ የለም፤ ሥራ የለም፤ የቤቱም ቧንቧ አይከፈትም። ሁለት መቶ አርባ የሸንኮራ ሠራተኛ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ድረስ በዚያ መስኮት በኩል ያልፋል። መስኮቱ ኩባያውን ይውጣል። ከግድግዳው ኋላ ያለው ቆጣሪ ሽንቱን በቀጭን መስታወት ውስጥ እያሳለፈ ሦስት ሺህ ፎቶ ያነሳል፤ በፎቶው ላይ ያለውን ሕዋስና ቅንጣት አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከዚያ ከቆጣሪው ውስጥ አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ ትናገራለች። «ይለፉ» ካለች በሩ ይከፈታል። «ይታከሙ» ካለች ከመስኮቱ ሥር መሳቢያ ወጥቶ ክኒን ይሰጣል፤ የሦስት ቀን ዕረፍትም ይመዘገባል። ሌላ ሐኪም የለም። ክኒን ከዚያ መሳቢያ ካልወጣ ከየትም አይወጣም።

ሰዉ ለምዶታል። ልጆች እንኳ ዕቃቃ ሲጫወቱ አንዷ መስኮት ትሆንና ሌሎቹ በጣሳ ውሃ ይዘው ይሰለፉላታል። አዋቂዎቹም ቢሆኑ ተፋፍረው የሚቆሙበት ዘመን አልፏል።

«ባሌ ነፍሱን ይማርና ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሮ እንደዚች ሴትዮ ውስጤን አላወቀውም» ይላሉ እትዬ ኤልሻዳይ፣ ስልሳ ያለፋቸው የቦይ ጠራጊ። ሰልፉ ይስቃል። ሳቁ መስኮቱ አጠገብ ሲደርስ ያልቃል።

ያፌት ሳቁን የሚሰማው ከግድግዳው ማዶ ነው። ሥራው ቆጣሪው የጨረሳቸውን ኩባያዎች ደፍቶ ማጠብ ነው። ዕድሜው ስልሳ አንድ። ይኼ ሰው ሀያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የሸለቆውን ሰው ደምና ሽንት ያነበበ ሰው ነው። ወረቀት ግን የለውም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው። ያነበበውን ሌላ ይፈርምበታል፤ ያየውን ሌላ አየሁ ይላል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አይደል? ቆጣሪው የመጣ ጊዜ ወረቀት ያላቸው «ተቆጣጣሪ» ተባሉ፤ ያፌት እጁን እያየ ቆሞ ቆሞ የጎማ ጓንት ተሰጠው።

አሁን የጣቢያው ተቆጣጣሪ አቶ ሱራፌል ነው። ሱራፌል ዲግሪውን ይዞ ሲመጣ እርሾን ከቀይ የደም ሕዋስ የማይለይ ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ ሁለቱም ክብ ነው፤ ምኑን ነው የምለየው?» እያለ ከጎኑ ይቀመጥ ነበር። «ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት። ደም ከሆነ ይፈነዳል፤ እርሾ ከሆነ አይሞቀው አይበርደው» ብሎ ያስተማረው ያፌት ነው። በዓመቱ «ጋሼ» ቀረች። በሁለተኛው ዓመት «ያፌት፣ ወለሉ ቆሽሿል» መጣች። ያፌት ይኼን ሲያስብ ዛሬም እስከ ጆሮ ግንዱ ድረስ ይግላል።

በሚያዝያ የሳሙናው ቀለብ ተቋረጠ። ለምን እንደተቋረጠ ማንም አልነገረው፤ ለኩባያ አጣቢ ማን ይነግራል። ያፌት ደግሞ ሌላው ቢቀር ቆሻሻ ኩባያ ማስረከብ ሞቱ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ከደጋ ከሚወርዱት ሴቶች ደረቅ እንዶድ ሸመተ፤ ወቀጠ፤ ዘፈዘፈ፤ አረፋውን ኩባያዎቹን አለበሳቸው። ለማለቅለቂያ የሚተርፍ ውሃ የለም፤ የተፈቀደለት በቀን ሁለት ጀሪካን ነው። ከነአረፋቸው በፀሐይ አደረቃቸው። ኩባያዎቹ አበሩ።

ከዚያ ወዲህ የሰባት ቦይ ነገር ተለወጠ። በግንቦት «ይታከሙ» የተባለው አሥራ አንድ ሰው ነበር። በሰኔ ሁለት። በሐምሌ አንድም የለም። ከአርባ ስድስት ጣቢያ አንደኛ ወጡ ተብሎ ከማዕከል ሰው መጣ፤ ሱራፌል ከቆጣሪው ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ለያፌት ስለ ኩባያዎቹ ጽዳት አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ተሰጠው። ጠበበው። ቢሆንም አደረገው።

ነሐሴ ሦስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የመቶ አሥራ ሰባት ኩባያ በአሸንዳው ተንሸራቶ እጁ ላይ ወደቀ። ሊደፋው ሲል ቆመ። ውስጡ የቀረው ሽንት የሥጋ እጣቢ ይመስላል። ቁጥሩን ሳያነበው ያውቀዋል፤ የልጁ የሀሴት ነው። ሴትየዋ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ አሁን፣ በጆሮው፣ «ይለፉ» ብላለች።

ጓንቱን ሳያወልቅ በጓሮ በር ወጥቶ ደረሰባት። አካፋዋን ተደግፋ ቆማለች። ከንፈሯ ነጥቷል።

«ሀሴት።»

«አባዬ፣ ረፍዶብኛል።»

«ውሃሽ ቀልቷል።»

ዙሪያዋን አየች። «ቀስ በላ፣ ሰው ይሰማል። የኔ ብቻ መሰለህ? የሁላችንም ቀልቷል፤ ከሰኔ ጀምሮ። ሴትየዋ ‘ይለፉ’ ካለች ምን ልሁን? ቀለም አይቆጠርም።»

«ያቃጥልሻል?»

«አባዬ፣ በናትህ!» ፊቷን አዞረች። ከዚያ ዝቅ ብላ፦ «ስጎነበስ ዓይኔ ይጨልማል። ሌላው ደህና ነኝ።»

ሄደች። ያፌት አረማመዷን አየ። ሀያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እንደ እርጉዝ ነው የምትራመደው።

ቀጥታ ወደ ሱራፌል ቢሮ ገባ። ቢሮው ይቀዘቅዛል፤ ለቆጣሪው ሲባል የሚቀዘቅዘው አየር ለሱራፌልም ይደርሰዋል።

«አቶ ሱራፌል፣ የመቶ አሥራ ሰባት ኩባያ ደም ነው።»

ሱራፌል ከሰሌዳው ላይ ዓይኑን አላነሳም። «ዜሮ ነው የሚለው።»

«በዓይኔ አይቻለሁ ነው የምልዎት።»

«ዓይንህ በደቂቃ ስንት ፎቶ ያነሳል፣ ያፌት?»

«ፎቶ አያነሳም። ያያል።»

«ቀይ ሥር በልታ ይሆናላ።»

«ቀይ ሥር ሰባት ቦይ ከየት መጥቶ?»

ሱራፌል ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ያፌት ያውቃታል፤ ወረቀት ያለው ሰው ወረቀት ለሌለው የሚያስቀምጣት ናት። «ስማ፣ ደም ቢኖር ቆጣሪው አይስተውም። አንተ ኩባያህን እጠብ። እንዲያውም ያንተ ኩባያ ነው አንደኛ ያደረገን። ከዚያ ወዲህ ነው ቁጥሩ የወረደው፤ አልረሳነውም።»

ያፌት በሩ ላይ ሲደርስ ቀዘቀዘ። አየሩ አልነበረም ያቀዘቀዘው። ከዚያ ወዲህ ነው የወረደው።

በስድስት ሰዓት ሀሴት ለምሳ ቤት ስትመጣ በሻይ ብርጭቆ ሽንቷን ተቀበላት። የዚያ ቤት ልጅ ስለሆነች ለምን ብላ አልጠየቀችም። ግማሹን በብርጭቆው ተወው፤ ግማሹን በእንዶድ በታጠበ ኩባያ ገለበጠ። ከጣቢያው ዕቃ ቤት ከማዳበሪያ ከረጢት ሥር አሮጌውን ማይክሮስኮፕ አወጣ። የድሮው ነው፤ በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ የሚሠራው። ሌንሱን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

መጀመሪያ የብርጭቆውን አየ። ቀዮቹ ሕዋሳት ተደራርበው እንደ ተበተነ ሳንቲም ሞልተዋል። በመሀላቸው ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ትልልቅ እንቁላሎች፤ ጫፋቸው ላይ እሾህ ያላቸው። ቢልሃርዚያ። የቦዩ ትል። ይኼ እንቁላል በብዛት የሚወርደው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው፤ በጠዋት ሽንት ቢገኝ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ቆጣሪው የሚያየው በጠዋት ብቻ ነው፤ እንቁላሉንም አያውቀውም። በጠዋት በሽታውን የሚናገረው ደሙ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የኩባያውን አየ። አንድም ሳንቲም የለም። ቀጭን፣ ባዶ፣ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ያለ ነገር ይንሳፈፋል፤ አንዳንዱ ያም የለውም። እንዶዱ እያንዳንዱን ሕዋስ አፈንድቶታል። ቀዩ ቀለም በውሃው ውስጥ ቀርቷል፤ የሚቆጠር ግን የለም።

ያፌት ቀና አለ። ለስንት ዓመት ቆጣሪው ሲሳሳት ለማየት ተመኝቶ ነበር። አልተሳሳተም። የሌለውን የለም አለ እንጂ። የሁለት መቶ አርባ ሰው ደም ያጠፋው እሱ ነው፤ በገዛ እጁ፣ ንጹህ ሰው ነኝ ብሎ፣ በገዛ ገንዘቡ በገዛው እንዶድ።

ቆጣሪን ማሳሳት ሰባት ዓመት ያሳስራል። ይኼ ከመስኮቱ በላይ በትልቁ ተጽፏል። አንዳንድ ሰዎች ዕረፍት ፈልገው የዶሮ ደም ጠብ ሲያደርጉ ተይዘዋል፤ የዶሮ ሕዋስ ሞላላ ነው፤ መሀሉ ላይ ፍሬ አለው፤ ቆጣሪው አንዱን እንኳ አያልፍም። ያፌት ሰባት ዓመቱን አሰበ፤ ዕድሜውን ደመረ። ከዚያ ሌላውን ሰው ሁሉ ወደ ጎን አደረገና ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ የአንድ ሰው ኩባያ አነሳ። መቶ አሥራ ሰባትን በመጠጥ ውሃው ሰባት ጊዜ አለቀለቀው።

ማክሰኞ ጠዋት ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ ጠበቀ። መቶ አሥራ አምስት፣ ይለፉ። መቶ አሥራ ስድስት፣ ይለፉ። ከዚያ ዝም አለች።

«አይዛመድም» አለች ሴትየዋ።

ያፌት ያላሰበው ይኼን ነበር። ቆጣሪው የእያንዳንዱን ሰው የኋላ ቁጥር ያስታውሳል። ትናንት ዜሮ የነበረች ልጅ ዛሬ ሁለት መቶ ከሆነች ኩባያው የእሷ አይደለም ማለት ነው። የሌላ ሰው ሽንት ይዛ መጥታለች።

ኦብሳ የሚባለው የበር ጠባቂ ክርኗን ይዞ ከሰልፉ አወጣት። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ነው የያዛት።

«ለዕረፍት ብላ ነው» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ከማን ገዛችው?»

«አፍህን ያዝ አንተ!» አሉ እትዬ ኤልሻዳይ። «መልኳን አታይም? የዚች ዓይነት መልክ በገበያ ይሸጣል?»

አሥራ አምስት ቀን ታገደች። መግቢያ የለም፤ ቧንቧው ተዘጋ፤ እስኪጣራ ድረስ መሳቢያው በስሟ አይከፈትም። ሀሴት በግቢው ግድግዳ ሥር ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም። ያፌትን ስታየው «ምን አደረግክ፣ አባዬ?» አለችው ብቻ። በዚያች በጥያቄዋ ሁሉንም እንደገባት አወቀ።

ያፌት ወደ ሱራፌል ቢሮ ሲገባ ቁጭ በል አልተባለም፤ ራሱ ተቀመጠ። ከሚያዝያ ጀምሮ ያለውን ተናገረ። እንዶዱን፣ አረፋውን፣ ሳይለቀለቅ የደረቀውን። ሱራፌል መሀል ላይ አላቋረጠውም። ሞኝ አይደለም፤ የኮምጣጤዋን ትምህርት አልረሳትም። ፊቱ ቀስ እያለ አመድ መሰለ። ተነስቶ በሩን ዘጋው።

«ጋሼ» አለ።

ይቺን ቃል በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አልሰማትም። ያፌት ፈራ።

«ጋሼ፣ ይኼን ለማን ነገርክ?»

«ለርስዎ።»

«ጥሩ። ለማንም አትናገር። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ከማዕከል ሊጎበኙን ነው፤ ወደዚያ ሊያዛውሩኝም ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን የልጅቷን ነገር ‘ስህተት’ ብዬ አስመዘግባለሁ። አንተ ኩባያዋን እንደ በፊቱ ታጥበዋለህ፤ ‘ይለፉ’ ትባላለች፤ ትመለሳለች።»

«ክኒኑስ?»

«ክኒኑ በኔ እጅ አይደለም።»

«አሥራ አምስት ቀን ትደማለች። ከዚያ ‘ይለፉ’ ተብላ ትደማለች።»

«ሁለት መቶ ሰው እየደማ ነው ካልከኝ» አለ ሱራፌል፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ያንተዋ ከሌላው በምን ትበልጣለች? አንተስ ትናንት ያጠብከው የሷን ብቻ አይደለም?»

የጠላውን ሰው አፍ እውነት ሲናገር መስማት የመሰለ መራራ ነገር የለም። ያፌት ተነስቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቦይ በወረደበት ጊዜ ከቆጣሪው ኋላ የተደረደሩትን ሰማያዊ ጀሪካኖች ማኅተም ቆረጠ። ማሽኑ የሚጠጣው የተጣራ ውሃ ነው፤ ሰው እንዲነካው አልተፈቀደም። ሁለት መቶ አርባውን ኩባያ አንድ በአንድ አጠበ፤ አለቀለቀ፤ ደገመ። እጁ ላይ እንዶድ እንዳይቀር ጓንቱን ጣለና አዲስ አጠለቀ። ስድስቱን ጀሪካን ጨረሰው። ኩባያዎቹ ሲደርቁ እንደ በፊቱ አላበሩም።

ረቡዕ ጠዋት ሴትየዋ በሦስተኛው ሰው ላይ «አይዛመድም» አለች። በአምስተኛው ላይ ደገመች። በሰባተኛው፣ በስምንተኛው፣ በአሥረኛው። ኦብሳ መጀመሪያ ሰዎቹን እየያዘ በግራ በኩል አቆማቸው፤ በኋላ መያዙን ተወው። በግራ ያሉት በቀኝ ካሉት በለጡ። እትዬ ኤልሻዳይ ተራቸው ደርሶ «አይዛመድም» ሲባሉ «ከማን ጋር ነው የማልዛመደው፣ የኔ እመቤት?» አሉ፤ ማንም አልሳቀም።

ሰማንያኛው ላይ ሲደርስ መስኮቱ ተዘጋ። ሴትየዋ እስከዚያን ቀን ያልተሰማ ነገር ተናገረች።

«የሰው ዓይን ይፈለጋል። ፈቃድ ያለው አንባቢ ናሙናዎቹን ያንብብ። እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ካልተነበቡ ጣቢያው ይዘጋል።»

ጣቢያ ከተዘጋ የሁለት መቶ አርባውም ቧንቧ ይዘጋል። ይኼን የማያውቅ አልነበረም። የቦዩ ውሃ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

ሱራፌል አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ራሱ ተሸክሞ አምጥቶ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። በጣቢያው ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ ነው። ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጣለ፤ ጠመዘዘ፤ እንደገና ጠመዘዘ። ሰው ሁሉ ጀርባውን ያያል። ግንባሩ ላይ ላብ መጣ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በዚያ ቀዳዳ ያየው የራሱን ሽፋሽፍት ነው።

«ያፌት» አለ፣ ሳይዞር። ከዚያም ሌላው እንዳይሰማ አድርጎ፦ «አንተ አንብብ፤ እኔ አስገባለሁ። በኔ ፈቃድ ይገባል።»

«እንደ ድሮው» አለ ያፌት።

«እንደ ድሮው። ማኅተሙን ማን እንደቆረጠ ግን ለኦብሳ ነግሬዋለሁ። የሚወስድህ መኪናም ተጠርቷል። ይኼን ልደብቅህ አልፈልግም።»

ያፌት ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። «ገባኝ። አንተ ጻፍ» አለው። አንቱታውን ትቶታል፤ ሱራፌልም ልብ አላለውም፣ ወይ ልብ ብሎ ተወው።

«ሦስት» አለ ያፌት። «ቀይ ሕዋስ፣ በአንድ እይታ አርባ።»

ሱራፌል ጻፈ። ቆጣሪው የሦስትን ፎቶ ከተነበበው ጋር አስተያየ። «ይታከሙ» አለች ሴትየዋ፤ መሳቢያው ወጣ። መስኮቱም እንደገና ተከፈተ፤ አንድ ሽማግሌ ክኒኑን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«አምስት። ቀይ ሕዋስ፣ ስልሳ። ሰባት፣ ሠላሳ። ስምንት፣ እርሾ ነው፤ ደም አይደለም።»

ኦብሳ መጥቶ ከኋላው ቆመ። ልጁ በሰው ፊት ሽማግሌ መያዙ ከብዶት ቀበቶውን ይነካካል።

ፀሐይዋ እየወጣች መጣች። ያፌት አንገቱ ደነዘዘ፤ ግራ ዓይኑ ያለቅሳል፤ በሸሚዙ እጅጌ ይጠርገዋል። አርባኛው ላይ ሲደርስ አንድ ነገር አስተዋለ። ሴትየዋ እየፈጠነች ነው። በፊት እሱ ተናግሮ ሱራፌል ጽፎ ነበር የምትናገረው፤ አሁን ሱራፌል ሳይጨርስ ትናገራለች። ስልሳኛው ላይ ያፌት አፉን ሲከፍት «ይታከሙ» አለች። ስልሳ አንደኛው ላይ ገና ጠብታውን ከሌንሱ ሥር ሳያስቀምጥ ተናገረች። ትክክል ነበረች። ስልሳ ሁለተኛውም ትክክል ነበር። ያነበበላትን ሁሉ እየተማረችበት ነበር።

«ጋሽ ያፌት» አለ ኦብሳ ጎንበስ ብሎ፣ «ከቀደመችዎት እንሂዳ። መኪናው ደርሷል።»

«ትንሽ ጠብቀኝ፣ ልጄ።»

«ምን ቀረዎት?»

የቀረው ከሰልፉ ሁሉ መጨረሻ፣ የታገዱት የሚቆሙበት ቦታ ላይ ነው። ሀሴት። የታገደ ሰው እንዲጣራለት ኩባያውን በጠባቂ ፊት እንደገና መስጠት አለበት፤ ተራዋ ሲደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። እትዬ ኤልሻዳይ በአንድ እጃቸው ክኒናቸውን፣ በሌላው ብብቷን ይዘው አመጧት። ኩባያዋ ገባ። ጠብታው ለያፌትም ወረደለት።

ሴትየዋ ዝም አለች።

ያፌት ማይክሮስኮፑን አላየም። ይኼን ማሽን ለአሥራ አንድ ዓመት ሲረግመው ኖሯል፤ ቢቃጠል፣ ቢሳሳት፣ ቢዋረድ እያለ። አሁን እንዳይሳሳት ለመነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሱራፌል አየው።

«ያልታወቀ ቅንጣት» አለች ሴትየዋ። «ብዛቱ ዘጠኝ። ናሙናው በቆሻሻ የተበከለ ሊሆን ይችላል። አንባቢው ስሙን ካልተናገረ ናሙናው ይወገዳል።»

ያፌት ዓይኑን ጣለ። ሰዓቱ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። እንቁላሎቹ እሾሃቸውን ይዘው ተኝተዋል። ሱራፌልን አየው፤ ሱራፌል እሱን ያያል፤ ጣቱ ሰሌዳው ላይ ነው፤ አያውቀውም። በዚያ ጣቢያ ይኼን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ለዚያ ሰው የሚቀረው ዕውቀት አልነበረም፤ ሌላውን ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ሰጥቶ ጨርሷል። አንድ ትንፋሽ ያህል በውስጡ ያዘው።

«ቢልሃርዚያ ነው» አለ። «የትሉ እንቁላል። እሾሁ ጫፉ ላይ ነው፤ ጎኑ ላይ አይደለም። ቆሻሻ አይደለም። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ሱራፌል ጻፈ።

«ይታከሙ» አለች ሴትየዋ። መሳቢያው ወጣ። ሀሴት ክኒኑን እዚያው ቆማ፣ ያለ ውሃ፣ አባቷን እያየች ዋጠችው።

ያፌት ተነሳ። ጉልበቱ ተንቋቋ። ኦብሳ ክርኑን ያዘው፤ ልክ ሀሴትን እንደያዛት ቀስ ብሎ። ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ሴትየዋ እንደገና ጀመረች፤ ማንም ኩባያ አላስገባም ነበር።

«ቢልሃርዚያ። በቀድሞ ፎቶዎች ተፈልጓል። ከዚህ ጣቢያ በቆሻሻ ስም የተመዘገቡ አራት መቶ ሰባት ተገኝተዋል። ባለቤቶቻቸው ይጠራሉ።» ያቺ በጠዋት አልፎ አልፎ የምትወርደው አንዷ፣ ሁለቷ እንቁላል ነበረች። ለካ ሁሉንም ስታነሳ ኖራለች፤ ስም ነው ያጣችላቸው።

«አሥራ ሁለት፣ ይታከሙ» አለች። መሳቢያው ወጣ፤ አሥራ ሁለት ሮጦ መጣ። «አርባ አራት፣ ይታከሙ።» አርባ አራት መጣች። «ዘጠና ሦስት፣ ይታከሙ።»

መሳቢያው ወጥቶ ቆመ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ዘጠና ሦስት ማነው?» አለ ኦብሳ።

«ያዕቆብ ነው» አሉ እትዬ ኤልሻዳይ። «የድልድዩ አጠገብ ልጅ። በሐምሌ ዓይኔ ጨለመብኝ እያለ ቦይ ውስጥ የወደቀው። አርባውን እንኳ አላወጣንለትም።»

ያፌት ያዕቆብን አይቶት አያውቅም። ኩባያውን ግን ያውቀዋል፤ እስከ ወደቀበት ቀን ጠዋት ድረስ አጥቦ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ አብርቶ አስረክቦታል።

«ዘጠና ሦስት፣ ይታከሙ» አለች ሴትየዋ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ።

ያፌት ቆመ። ኦብሳም አልጎተተውም።

«ዘጠና ሦስት» አለች፤ «ይታከሙ።»